ሲስተር፣ ከመንካትሽ በፊት ንገሪኝ

ስለ ማህፀን በር ምርመራ የጠየቅኳቸው ሴቶች በሙሉ የሰጡኝ መልስ አንድ ዓይነት ነው። «አያምም። ሁለት ደቂቃ ነው። ሳታውቂው ያልቃል።» አልዋሹኝም፤ ለብዙዎቹ እንደዛ ነበር። እኔን ግን አሞኛል። ከሕመሙ በላይ ደግሞ ፍርሃቱ አድክሞኛል። «አያምም» የተባለች ሴት ሲያማት ከሁለት አንዱን ታስባለች። ወይ «እኔ ላይ የከፋ ነገር ቢኖር ነው»፣ ወይ «እኔ ልፍስፍስ ብሆን ነው»። ሁለቱም ሰውነትን ያኮማትራሉ። የተኮማተረ ሰውነት ደግሞ ይበልጥ ያማል።

ስለዚህ የደረሰብኝን እንዳለ ልንገርሽ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ነገሩ የተነሳው ለወሊድ መቆጣጠሪያ ጤና ጣቢያ በሄድኩበት ቀን ነው። ባለሙያዋ ካርዴን አየችና «ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ እንዲያደርጉ እንመክራለን፤ አድርገሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አድርጌ አላውቅም ነበር። ምንም አላመመኝ፣ ለምን አደርጋለሁ?

ነገሩ ግን ምንም ሳያም ነው መታየት ያለበት። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው የማህፀን በር ካንሰር ነው። መጥፎ ካንሰር ቢሆንም አንድ ደግ ጎን አለው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ካንሰር ከመሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት የማህፀን በር ላይ ለውጥ ይታያል። ያኔ ከተገኘ እዛው ይታከማል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ላይ ሂደቱ ስለሚፈጥን፣ እነሱ ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ እንዲመረመሩ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። ተራዬ ደርሶ ስገባ ባለሙያው ቀና ብሎም አላየኝም። «ከወገብ በታች አውልቂና አልጋው ላይ ውጪ» አለኝ። መጋረጃው ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚዘጋው። እግሬን ከፍቼ እንደተኛሁ በሩ ተከፈተና ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች ገቡ። እነማን እንደሆኑ የነገረኝ የለም፤ ፈቃዴንም የጠየቀኝ የለም። ቀዝቃዛው ብረት ሳላስበው ሲነካኝ ዘለልኩ። «እንዴ! ልጅ የወለድሽ ሴት ይሄን ትፈሪያለሽ?» አለኝ። ከተማሪዎቹ አንዷ ሳቀች። ምናልባት ደንግጣ ይሆናል፤ እኔ ግን በዛን ሰዓት ለእሷ የማስብበት አቅም አልነበረኝም። «በቃ» አልኩ። «ትንሽ ታገሺ» ብሎ ቀጠለ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «በቃ!» ስል ነው ያወጣው። ልብሴን ለብሼ ወጣሁ፤ ምርመራውም ሳይሠራ ቀረ። በመነሳቴ አላፍርም።

«ልጅ የወለድሽ ሴት» የሚለው ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ምን አገናኘው? የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ተቀድጄ የተሰፋሁት ማደንዘዣው በቅጡ ሳይሠራ ነው። ጭንቅላቴ ቢረሳው ሰውነቴ አልረሳውም። አንዳንዷ ሴት የምትፈራው ስለወለደች ነው። ይሄን የሚናገሩት ደግሞ ወንዶች ብቻ አይደሉም፤ ከሴት ባለሙያም፣ ከአክስትም፣ ከጎረቤትም ሰምቼዋለሁ።

ከዛ በኋላ ብዙ ወራት ነገሩን ተውኩት። ሐኪም ቤት የሚል ታፔላ ሳይ ራሱ ሆዴ ይጨነቅ ነበር። የረዳችኝ አንዲት አዋላጅ ነርስ የሆነች ዘመዴ ናት። ለበዓል ቤት መጥታ ቡና ስንጠጣ ነገርኳት። እሷ «አይዞሽ፣ አያምም» አላለችኝም። «ሊያምሽ ይችላል፤ ለምን እንደሚያም ላስረዳሽ» ነው ያለችኝ። ጎበዝ ናት።

እንዳስረዳችኝ ከሆነ ብልት ዙሪያ ያለው ጡንቻ አቧራ ሲመጣበት እንደሚጨፈን ዓይን ነው። ስንፈራ ሳናዘው ራሱ ይዘጋል። ስፔኩለም የሚባለው መክፈቻ በተዘጋ ጡንቻ ላይ ሲገፋ ያማል፤ ጡንቻው ሲለቅ ግን ብዙውን ጊዜ የመወጠር ስሜት ብቻ ነው የሚኖረው። የስፔኩለሙ መጠን አንድ አይደለም፤ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ አለ። ብረቱን በሞቀ ውሃ ለብ ማድረግ ይቻላል፤ ውሃው ማለስለሻም ይሆናል። የምታጠባ ሴትና የወር አበባዋ የቆመ ሴት ድርቀት ስለሚኖርባቸው ይበልጥ ሊያማቸው ይችላል። ይሄ ሁሉ የሚታወቅ ነገር ነው። አንድም ቀን ግን የነገረኝ አልነበረም።

ከቤት ስትወጪ ሰፊ ቀሚስ ልበሺ አለችኝ። ይሄ ምክር ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ነው። ሱሪ የለበሰች ሴት ከወገብ በታች ራቁቷን ትሆናለች። ሰፊ ቀሚስ የለበሰች ግን የውስጥ ሱሪዋን ብቻ አውልቃ ቀሚሷን ትሰበስባለች። ነጠላም ያዢ፣ ጉልበትሽ ላይ ጣል ታደርጊዋለሽ አለችኝ። ሽንትሽን ሽኚ፤ የሞላ ፊኛ ሲጫኑት ያማል። የወር አበባ ላይ ሆነሽ አትሂጂ። ከምርመራው በፊት ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ግንኙነት ይቅርብሽ፣ ውስጥሽንም በሳሙና አትታጠቢ። ይሄን የመጨረሻውን ብዙዎቻችን «ለሐኪም ንጹህ ልሁን» ብለን እናደርገዋለን። ውስጡ ግን ራሱን ያጸዳል፤ ሳሙና ያደርቀዋል፣ ያቆስለዋል። ያኔ ሕመሙ ይብሳል።

ደግሞ ባዶ ሆድሽን አትሂጂ አለችኝ። ጾም ላይ ነበርን። የማህፀን በር ሲነካ አንዳንድ ሴቶች ላይ የልብ ምትና የደም ግፊት በድንገት ዝቅ ይላል፤ ያልባቸዋል፣ ዓይናቸው ይጨልማል፣ ያስመልሳቸዋል። ረሃብና ፍርሃት ሲጨመሩበት ደግሞ ሊያዞራቸው ይችላል። እኔ ጾሙ እስኪፈታ ጠበቅኩ። ሌላዋ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ልትይዝ ትችላለች። ቀጠሮው የግድ ከሆነ ግን ለንስሐ አባትሽ መናገር አያሳፍርም።

ማስታገሻን በተመለከተ፣ አይቡፕሮፌን ከአንድ ሰዓት ገደማ በፊት መዋጥ የሆድ ቁርጠቱን ሊቀንስ ይችላል። ጨጓራ፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ያለባት፣ እርጉዝ የሆነች ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ግን ሳትጠይቅ አትውሰድ።

ሁለተኛው ቦታ ሌላ ጤና ተቋም ነበር። ባጃጅ ይዤ በጠዋት ሄድኩ። ወረፋው ላይ አጠገቤ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። አማርኛ አይችሉም። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጃቸው ታስተረጉምላቸዋለች። አንዷ ሠራተኛ መጥታ «ግንኙነት ስታደርጊ ይደማሻል ወይ በያቸው» ስትላት ልጅቷ መሬት መሬት ታይ ጀመር። እናትየውም የልጃቸውን ፊት አይተው ዝም አሉ። ከውስጥ አንዲት ነርስ ይሄን ሰምታ ወጣችና ልጅቷን ውጪ አስቀምጣ በሲዳምኛ አነጋገረቻቸው። ሴትየዋ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት። ሐዋሳ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት። እናትሽን ወይም አክስትሽን ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ቋንቋቸውን የሚችል ባለሙያ እንዳለ አስቀድመሽ ጠይቂ። በልጅ አፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም።

ያቺው ነርስ ለእኔም ደረሰችኝ። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። መጀመሪያ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ልብሴን እንደለበስኩ። ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው። ሰው ተጋድሞ፣ እግሩን ከፍቶ አሳቡን መናገር አይችልም። ዘመዴ እንዳስጠናችኝ አልኳት። «ሲስተር፣ ባለፈው ሌላ ቦታ ጀምሬ አቋርጬ ወጥቻለሁ። በጣም እፈራለሁ። ከመንካትሽ በፊት ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪኝ። እጄን ካነሳሁ ደግሞ አቁሚልኝ።» ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «እንኳን ነገርሽኝ እህቴ» አለችኝ። «ሳይነግሩኝ ሲሸሹብኝ ነው ለእኔም የሚያስቸግረኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ጤና ባለሙያ የሚታዘዝ ሰው አይደለም ብለን ስላደግን፣ «ቀስ በይልኝ» ማለት እንደ ድፍረት ይመስለናል። የሚቆጣ አይጠፋም፤ አይቻለሁ። ግን አብዛኞቹ ወረፋ ያደከማቸው እንጂ ክፉዎች አይደሉም። ያልነገርሻቸውን ማወቅ አይችሉም።

ስፔኩለሙን አሳየችኝ፣ እጄም ላይ አስያዘችኝ። «ትንሹን ነው የምጠቀመው፤ በውሃ ለብ አድርጌዋለሁ» አለችኝ። አልጋው ላይ ወጣሁ፣ ቀሚሴን ሰበሰብኩ፣ ነጠላዬን ጉልበቴ ላይ ጣልኩ። መጀመሪያ ጭኔን በእጇ ጀርባ ነካችና «አሁን ወደ ውስጥ ነው» አለች። «ረጅም ትንፋሽ አስወጪ፤ ስታስወጪ አስገባለሁ። መቀመጫሽን አልጋው ላይ ልቀቂው።» እኔ ስፈራ መቀመጫዬን ወደ ላይ አነሳለሁ፤ ብዙ ሴት ያንን ታደርጋለች አለችኝ። ጥርሴንም ነክሼ ነበር። «አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ። ያስቃል፤ ግን መንጋጋ ሲላላ ታችም ይላላል። ግማሽ ላይ ቆነጠጠኝና እጄን አነሳሁ። ወዲያው ቆመች። አላወጣችውም፣ አልገፋችውምም፤ ዝም ብላ ጠበቀች። ትንሽ ቆይቼ «ቀጥዪ» አልኳት። እሷ መቆሟን ካየሁ በኋላ የቀረው ቀለለኝ።

ምርመራው ቪአይኤ ይባላል። ቀጠን ያለ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ የኮምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ፣ በጥጥ ማህፀን በሩ ላይ ይቀባል። አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ለውጥ ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ትንሽ ያቃጥላል፤ እኔ ላይ ቆዳ ተፍቆ ሎሚ እንደነካው ያለ ስሜት ነበረው፣ ቶሎም ጠፋ። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ለውጡን የሚያመጣው የኤችፒቪ ቫይረስ ምርመራ አለ። ለእሱ ሴትየዋ ራሷ ናሙናውን በቀጭን ብሩሽ ልትወስድ ትችላለች፤ ስፔኩለም አያስፈልገውም። ብረቱን ጨርሶ የማትችዪ ከሆነ በአቅራቢያሽ ይኖር እንደሆነ ጠይቂ።

ቪአይኤ ውጤቱ እዛው ነው። «ፖዘቲቭ ነው» አለችኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። እኛ አገር ይሄ ቃል ሲሰማ መጀመሪያ የሚታሰበው ኤችአይቪ ነው፤ ቀጥሎ ካንሰር። ሁለቱም አልነበረም። ልብሴን እስክለብስ ጠብቃ በወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለች አስረዳችኝ። ነጩ ቦታ ካንሰር አይደለም፤ ካልታከመ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊሆን የሚችል ለውጥ ነው። ያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ በሆነ ጊዜ ይይዘዋል። አብዛኛው ሰው ላይ በአንድና ሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። የቀረው ነው ችግር የሚፈጥረው፤ ጤነኛ ሴት ላይ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል።

ያልጠየቅኳትን ጥያቄ ከፊቴ ላይ ያነበበችው መሰለኝ። «ይሄ ባልሽ ሌላ ሴት ጋ ሄዷል ማለት አይደለም» አለችኝ። «ከመጋባታችሁ በፊት ከአንቺም ከእሱም ሊሆን ይችላል። መቼ እንደገባ ማወቅ አይቻልም።» ይሄን ባትነግረኝ ኖሮ ማታ ቤቴ ጦር ሜዳ ይሆን ነበር። ፖዘቲቭ የተባልሽ እህቴ፣ ባልሽን ከመጠርጠርሽ በፊት ይሄን አስቢ። ሴት ልጅ ካለሽ ደግሞ ክትባት አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል።

ሕክምናውን በዚያው ቀን ማድረግ እንደሚቻል፣ ካልፈለግኩም ሌላ ቀን መመለስ እንደምችል ነገረችኝ። አንዳንዷ ሄዳ፣ አስባ፣ ሰው ይዛ መምጣት ትመርጣለች፤ ችግር የለውም፣ መምጣቷ ብቻ አይቅር። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ወጥቼ ከሄድኩ አልመለስም። «አሁን ይሁን» አልኳት።

ቴርማል አብሌሽን ይባላል፤ በሙቀት ማቃጠል ነው። በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ጫፉ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቅና ማህፀን በሩ ላይ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይቀመጣል፤ ካስፈለገ ይደገማል። «100 ዲግሪ» ስትል ልሸሽ ነበር። ማህፀን በር ግን እንደ እጅ ቆዳ ሙቀትን አይለይም። የሚሰማው ከውስጥ የሚመጣ ቁርጠት ነው። የእኔ እንደ ከባድ የወር አበባ ሕመም ሆነ፤ ወገቤ ድረስ ዘለቀ። አመመኝ፣ አልደብቅሽም። ሲስተሯ ግን ሰከንዱን ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር። መጨረሻው የታወቀ ሕመም ይቻላል። ቁጥሯን ስትጨርስ ሕመሙም ወዲያው ቀለለ። በአንዳንድ ቦታ ክራዮ የሚባል በቅዝቃዜ የሚደረግ ሕክምና አለ። እሱ 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ 5 ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ስለሆነ ይረዝማል። እንዲቆጠርልሽ ጠይቂ።

ከጨረስኩ በኋላ ቶሎ ልነሳ ስል ያዘችኝ። ትንሽ በጎኔ ተኛሁ፣ ቁጭ አልኩ፣ ከዛ ቆምኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ሞዴስና ለስላሳ ይዤ ስለነበር ተጠቀምኩበት።

ይሄ ሁሉ ለቪአይኤ ብቻ አይደለም። ሉፕ የሚባለውን ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ለማስገባትም፣ ከማህፀን ውስጥ ናሙና ለማስወሰድም ይሠራል። እነዚህ እንዲያውም በማህፀን በሩ ውስጥ ስለሚያልፉ ቁርጠታቸው ሊብስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ሉፕ ለምትገባላት ሴት ስለ ሕመሙና ስለ ማስታገሻው አስቀድሞ እንዲነገራት መመሪያው ላይ ጨምሯል፤ ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ሊጠቅም እንደሚችልም ጽፏል። እዚህ ሁሉም ቦታ ላይኖር ይችላል። «የሚያደነዝዝ ነገር አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን ገንዘብ አያስከፍልም።

አንዳንዷ እህት ደግሞ ፍርሃቷ ከዚህ ሁሉ ይጠልቃል። የተገረዘች አለች። ተገዳ የተደፈረች አለች። ታሪኩን ለማንም የመናገር ዕዳ የለባትም። «ከዚህ በፊት መጥፎ ነገር ደርሶብኛል፤ በጣም ቀስ በሉልኝ» ማለት ይበቃል። ሴት ባለሙያ መጠየቅ ትችላለች። ወንድ ብቻ ካለ ሌላ ሴት ሠራተኛ ክፍሉ ውስጥ እንድትቆም፣ ወይም የራሷ እህት አብራት እንድትገባ መጠየቅ ትችላለች። ተማሪ አይግባብኝ ማለትም መብቷ ነው።

ቤት ከገባሁ በኋላ ለሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ነበረኝ፤ አንዳንዴ ደም የነካው። እስከ አንድ ወር ይጠበቃል ተብዬ ስለነበር አልደነገጥኩም። ለአንድ ወር ግንኙነት አይፈቀድም፤ ብልት ውስጥም ምንም አይገባም። ባሌን ማስረዳት ላይ ተጨንቄ ነበር። ሲስተሯ በወረቀት ላይ ጽፋ ስለሰጠችኝ እሱን አሳየሁት። አነበበና «እሺ» አለ፤ ያን ያህል ነው። የማይሰማ ባል ያላት ግን ባለሙያዋ ራሷ እንድታነጋግረው መጠየቅ ትችላለች፤ ይደረጋል። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ከወር አበባ የበዛ ደም ወይም የማይታገስ የሆድ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መመለስ ነው።

በዓመቱ ለክትትል ሄድኩ። ሲስተሯ ተዛውራለች። አንድ ወጣት ወንድ ባለሙያ ነው የገጠመኝ፤ ልቤ ወረደ። ለሲስተሯ ያልኳትን ያንኑ ለእሱም አልኩት። «እሺ እህቴ» ብሎ አንዲት ሴት ባልደረባውን ጠራ። ተማሪ ብትገባ ቅር ይለኝ እንደሆነም ጠየቀኝ። «አንድ ከሆነች፣ ሴት ከሆነች ትግባ» አልኩ። አሁንም ትንሽ ቆነጠጠኝ፣ አንዴም እጄን አነሳሁ። ውጤቱ ነጌቲቭ ሆነ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ካርዴ ላይ ጻፈልኝና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።